በአሮጌው ጌም አባቴ አይሞቱም

እኔ የባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ። መካነ ኢየሱስ ከተማ ዘጠነኛ ክፍል ፊት ቆሜ ስለ ሴል፣ ስለ ደም ዝውውር፣ ሰው ለምን እንደሚያረጅ አስተምራለሁ። ተማሪ ተነስቶ ስለ ቡዳ ሲጠይቀኝ «ፈተና ላይ የሚመጣውን ጠይቀኝ» ብዬ አስቀምጠዋለሁ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ቀጥሎ የምጽፈውን የሚያነብ ሰው ፊደል ያልቆጠረች መስዬው እንዳይስቅብኝ ነው። ከሳቀም ይሳቅ። ባለፈው ዓመት ሦስት ሳምንት ሙሉ፣ ላፕቶፔ ውስጥ በሚኖር አንድ ሽማግሌ ምክንያት እህል በጉሮሮዬ አልወርድ ብሎኝ ነበር።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምር። ጌሙ የኑሮ ጌም ነው። ተኩስ የለበትም፣ ሩጫ የለበትም። ቤት ትሠራላችሁ፣ ሰው ትሠራላችሁ፤ ሰዎቹ ይበላሉ፣ ይተኛሉ፣ ሥራ ይገባሉ፣ ይጣላሉ፣ ይታረቃሉ። እናንተ ከላይ ሆናችሁ ታያላችሁ፣ ደስ ሲላችሁም ጣልቃ ትገባላችሁ። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ የዶርም ጓደኛዬ በፍላሽ ሰጠችኝ። ያኔም አሮጌ ነበር፤ እኔ ግን አሮጌ መሆኑን አላውቅም። የማያውቁት አገር አይናፍቅም።

እናቴ የሞተችው ሦስተኛ ዓመት ሳለሁ ነው። ከለቅሶ ተመልሼ ዶርም ስገባ አባቴ በዚያ ቤት ብቻቸውን መቅረታቸው አላስቀምጥ አለኝ። ቤታችን ስማዳ ነው፣ ከወገዳ ከተማ በታች በእግር ሁለት ሰዓት ያስኬዳል፤ ስልክ አይሠራም፣ በየሳምንቱ ልሂድ ብል አልችልም። ስለዚህ ቤቱን ጌሙ ውስጥ ሠራሁት። ቆርቆሮውን፣ ደጁን፣ ከደጁ ፊት ያለችውን ወይራ። ጌሙ የእርሻ በሬ ስላልነበረው ሁለት ትልልቅ ውሾች ገዝቼ በረት አቆምኩ። ከዚያ አባቴን ሠራሁ። ጋቢ ባጣ ነጭ የመታጠቢያ ካፖርት አለበስኩት፤ ከሩቅ ሲያዩት ጋቢ ይመስላል፣ ከቅርብ ሲያዩት ከሻወር የወጣ ሰውዬ ይመስላል። አባቴ ፊደል ያወቁ ገበሬ ናቸው፤ ማለዳና ማታ ወይራዋ ሥር ተቀምጠው ጸሎታቸውን ከመጽሐፍ ያደርሳሉ። ሽማግሌውንም ወይራ ሥር አስቀምጬ መጽሐፍ አስያዝኩት። አባቴን አንቱ ነው የምላቸው፤ እሱን ግን አንተ አልኩት። እሱ የእኔ ነዋ።

አሮጌው ጌም ላይ አንዲት ትንሽ ሳጥን አለች። ምልክቷን ካጠፋችሁ ሰዎቹ አያረጁም፣ አርጅተውም አይሞቱም። የዚያኑ ቀን አጠፋኋት።

እናቴን አልሠራኋትም። ሞክሬ ነበር፤ ፊቱ ሁሉ የሌላ ሴት ሆነብኝ። እናቴ ፍንጭት ነበረች። ፍንጭቷ ከሌለ እናቴ አይደለችም፣ አሮጌው ጌም ላይ ደግሞ ጥርስ ሁሉ አንድ ነው።

የተሳሳትኩት ስም ላይ ነው። ጌሙ ለሽማግሌው ስም ስጪ አለኝ። የአባቴን የዓለም ስም ብጽፍ የዶርም ልጆች አይተው ይቀልዱበታል፤ ላፕቶፔን የማይዋስ አልነበረም። ማንም የማያውቀውን ስም ልጻፍ ብዬ የክርስትና ስማቸውን ጻፍኩ። የተደበቀ ስም ስለሆነ ይደብቅልኛል ብዬ ነው! ከዚህ የባሰ ሞኝነት የሠራ ሰው ካለ ልወቀው።

ስሙን ያወቅሁት ስምንት ዓመቴ ገደማ ነው። አባቴ ክፉኛ ታመው እናቴ ወደ ቤተ ክርስቲያን ላከችኝ። ጆሮዬ ውስጥ ስሙን ነግራኝ፣ «ለአባ ብቻ ንገሪ፣ በጸሎት ያስቡት። መንገድ ላይ ለማንም እንዳትተነፍሽ፤ ክፉ ሰው እጅ ከገባ መተት ይሠሩበታል» አለችኝ። ከንፈሬን ጨምቄ ሮጥኩ። መንገድ ላይ ደኅና ዋልሽ ያለኝን ሁሉ አልመለስኩም፤ አፌን ብከፍት ስሙ የሚወጣ መስሎኝ ነበር። እንግዲህ እንዲህ ተሸክሜ ያደረስኩትን ስም ነው በሃያ ዓመቴ ገደማ ኮምፒውተር ላይ የለጠፍኩት። እዚህ ግን አልጽፈውም። አንዴ የጻፍኩት ይበቃኛል።

አዲሱን ጌም ያመጣችው አብራኝ ቤት የተከራየችው የኬሚስትሪ አስተማሪ ናት። ባሕር ዳር ደርሳ ስትመለስ ፍላሿን እያወዛወዘች፣ «ያንቺ ጌም ጡረታ ይውጣ፣ ይሄን እይ» አለችኝ። አየሁት። ዝናብ ይዘንባል። ሰዎቹ ያስታውሳሉ፣ ይናፍቃሉ፣ ይደነግጣሉ። ፊታቸው ላይ የመሸብሸቡ መስመር ሳይቀር ይመረጣል። ጥርስም ይመረጣል።

እናቴን ግማሽ ቀን ስሠራት ዋልኩ። የፊት ጥርሷን ፈልቀቅ ሳደርገው እናቴ ከላፕቶፑ ውስጥ ፈገግ አለችብኝ፤ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ቤቱንና ወይራዋን ደግሜ፣ አባቴንም አጠገቧ ሠራሁ። ስማቸውን ከአሮጌው ገለበጥኩ፣ ሳላስብ፣ እንደ ልማድ። ትንሿን ሳጥን ግን ረሳሁ። አዲሱ ላይ ቦታዋን ቀይረዋታል፤ እኔም አልፈለግኋትም።

ላፕቶፔ ለሁለቱ ቦታ አልነበረውም። ዲስኩ ሞልቷል፣ አንዱን አጥፊ እያለ ይነዘንዘኝ ጀመር። የመንፈቅ ዓመት ፈተና የምጽፍበት ቦታ እንኳን አጣሁ። ዛሬ ነገ አጠፋለሁ እያልኩ ቆየሁ።

የገበያ ቀን ነበር፣ ታኅሣሥ ውስጥ። አዲሱን ከፍቼ በጎን የተማሪ ደብተር አርማለሁ። ሙዚቃው ድንገት ወፈረ። ቀና ስል አንድ ጥቁር ካባ የለበሰ፣ ረጅም እጀታ ያለው ማጭድ የያዘ ነገር ደጁ ላይ ቆሟል፤ ጌሙ ሞትን የሚስለው እንዲህ ነው። ሽማግሌው ምድጃው አጠገብ ወድቋል። እናቴ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና ታለቅሳለች። ከዚያ መልእክቱ መጣ፤ የአባቴ የክርስትና ስም፣ ቀጥሎም ሞተ የሚል ቃል፣ በእንግሊዝኛ።

ያ ስም ለሕዝብ ሁሉ ጮክ ተብሎ የሚጠራው ሰውየው በሞተ ጊዜ፣ በፍትሐት ነው። እኔ ይህን አውቃለሁ። ስክሪኑ ላይ ሳየው የማርመውን ደብተር ጣልኩ።

ሳላስቀምጥ ልውጣ አልኩ። አሮጌው ጌም እንዲህ ያለ ምሕረት አለው፤ ሳታስቀምጡ ከወጣችሁ የሆነው ሁሉ አልሆነም። አዲሱ ግን እኔን አይጠብቅም፣ ራሱ ያስቀምጣል። ዘግቼ ስከፍተው ወይራዋ ሥር መቃብር ቆሟል፤ ድንጋዩን ስነካው ስማቸው ይወጣል።

አባቴ በገበያ ቀን ወገዳ ወጥተው ሳይደውሉልኝ ቀርተው አያውቁም። እህል ይሸጡም አይሸጡም፣ ስልካቸውን ሱቅ ቻርጅ አስደርገው «አለሽ ወይ» ይሉኛል። ያን ቀን አልደወሉም። እኔ ስደውል ያቺ የስልክ ሴትዮ ሊገኙ አይችሉም አለችኝ። አሥር ጊዜ ያህል ደወልኩ፤ አሥር ጊዜም ሊገኙ አይችሉም አለችኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሴትዮዋን ጠላኋት።

ወዲያው ብር ብዬ እንዳልሄድ መንገዱ ተዘግቶ ነበር፤ ወደ ስማዳ የሚወጣ መኪና የለም። በሚቀጥለው የገበያ ቀንም አልደወሉም። የኬሚስትሪዋ ጓደኛዬ መጀመሪያ ሳቀችብኝ፣ ቀጥሎ ፊቴን አይታ ተወች። «አዲሱን አጥፊው፣ አሮጌውን ያዢ፣ አለቀ» አለችኝ። ለእሷ ቀላል ነው። በአሮጌው አባቴ አሉ፣ እናቴ የለችም። በአዲሱ እናቴ አለች፣ አባቴ ሞተዋል። አዲሱን ባጠፋ እናቴን በገዛ እጄ ሁለተኛ ልቀብር ነው። አሮጌውን ባጠፋ ደግሞ አባቴን በሕይወት የያዘልኝን ገመድ ልቆርጥ ነው። ይህን ሳስብ፣ ባዮሎጂ አስተማሪ መሆኔን አልረሳሁም። ግን ፍርሃት ዲግሪ አይጠይቅም።

ጠዋት ጠዋት ፊቴን ሳልታጠብ አሮጌውን እከፍታለሁ። ሽማግሌው አለ? አለ። ወይራው ሥር ነው? ነው። እሺ፣ አባቴ ዛሬም አሉ ብዬ ትምህርት ቤት እሄዳለሁ። አንድ ቀን ዲስኩ ስለሞላ አሮጌው ቀጥ አለ። ሽማግሌው ገጽ ሊገልጥ እጁን እንዳነሳ ደረቀ። ማጥፋት ፈራሁ፣ መንካት ፈራሁ። ቆሜ አባታችን ሆይ ደገምኩ፤ ላፕቶፕ ላይ ጸሎት ያደረሰች አስተማሪ ካለች እኔ ነኝ። ከብዙ ቆይታ በኋላ ገጹን ገለጠ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል እያልኩ ቀኑን ሙሉ ዋልኩ።

በሦስተኛው ሳምንት መንገድ ተከፈተ ሲባል የፈተናውን ነገር ትቼ፣ ላፕቶፔን በነጠላ ጠቅልዬ፣ ወደ ወገዳ የሚሄድ አይሱዙ ጋቢና ውስጥ ገባሁ። ከወገዳ ቁልቁል በእግሬ ነው የወረድኩት። በየአውድማው ሰው ገብስ ይወቃል፤ የበሬ ሆታ ይሰማል። እኔ የማየው ሌላ ነው። ነጠላውን ያዘቀዘቀ ሰው አለ? ደጃችን ላይ ዳስ ተጥሏል? ከሩቅ አይታየኝም።

አገሬውን ደግሞ አውቀዋለሁ። መርዶ መንገድ ላይ አይነገርም። ሽማግሌዎች ተሰብስበው፣ ጎሕ ሲቀድ፣ ቤት ውስጥ ነው የሚነገረው። እስከዚያ ያገኘሽ ሁሉ ይስቅልሻል፣ ያበላሻል። ስለዚህ በደኅናው ጊዜ እንዳልሰማ የማልፈው ሰላምታ ሁሉ አስፈራኝ። አንዲት ጎረቤታችን አውድማቸው ላይ መንሻቸውን ጥለው መጡ። አገላብጠው ሳሙኝ።

«እንዴት ሰነበትሽ ልጀ? ደኅና ነሽ? ሥራው ደኅና?»

«አባየ እንዴት ናቸው?»

«ደኅና ናቸው። ትንሽ አሟቸው ነው እንጅ።»

በእኛ አገር ትንሽ አሟቸው ነው የሚባለው ሰውየው ከተቀበሩ በኋላ ነው። እዚያው ገለባው ላይ ተቀመጥኩ። ሴትዮዋ ደነገጡ። «ኧረ በማርያም! አሉ እኮ! እውነቴን ነው!» ይላሉ፤ እኔ አላምናቸውም። እውነቴን ነውም የሚባለው ያን ጊዜ ነው። ውሃ ሊያመጡ ዘወር ሲሉ ተነስቼ ሮጥኩ።

ደጃችን ላይ ዳስ አልነበረም። ወይራዋ ሥር ግን ነጭ የለበሰ ሽማግሌ መጽሐፍ ይዞ ተቀምጧል። ቀጥ ብሎ፣ አንገቱን አዘንብሎ። አሮጌው ጌም እንዳለ ቁጭ ብሏል። አልተንቀሳቀሰም። ከዚያ ወዲያ መራመድ አቃተኝ፤ ብጠራው ባይዞርስ? በሕይወቴ እንደዚያች ደቂቃ ፈርቼ አላውቅም።

ከዚያ አባቴ ሳሉ። ደረቅ፣ ረጅም፣ ጎናቸውን የሚያስይዝ ሳል። የጌሙ ሽማግሌ ስሎ አያውቅም። እየጮህኩ እግራቸው ላይ ወደቅሁ።

ጎናቸውን ወግቷቸው ነበር። ከጤና ጣቢያ ክኒን ወስደው ገና ማገገማቸው ነው፤ ከስተው ጉንጫቸው ገብቷል። ስልካቸው አውድማ ላይ ወድቆ በሬ ረግጦታል።

«ምን ሁነሽ ነው? ትምህርት የለም እንዴ?» አሉኝ።

ሁሉንም ተናዘዝኩ። ጌሙን፣ ሁለቱን ቤት፣ ማጭድ የያዘውን፣ ስሙን። ስሙ ላይ ስደርስ ፊታቸው ተለወጠ።

«የክርስትናየን ነው ያልሽ?»

«አዎ አባየ። ይማሩኝ።»

የሚረግሙኝ መሰለኝ። «አሳይኝ» አሉ።

ፀሐዩ ስክሪኑን አላሳይ ስላለን ጋቢያቸውን ከላያችን ላይ ደረብነው፤ አባትና ልጅ አንድ ጋቢ ሥር ራሳችንን ከትተን ተቀመጥን። መጀመሪያ አሮጌውን ከፈትኩ።

«ይሄ እኔ ነኝ? ምንድን ነው የለበስሁት?»

«የመታጠቢያ ልብስ ነው። ጋቢ አጥቼ ነው።»

«እነዚያ ውሾችስ?»

«በሬዎቹ ናቸው።»

ሳቃቸው ወደ ሳል ተለወጠባቸው። ጀርባቸውን ደገፍኩ። ትንፋሻቸው ሲመለስ ደግመው አዩ።

«እዚህ ከተቀመጥሁ ስንት ዓመት ሁኖኛል?»

«አምስት።»

«መጽሐፉ አላለቀም?»

«አያልቅም አባየ።»

«እናትሽስ?»

«እዚህኛው ላይ የለችም።»

«እስከ መቼ ነው እንዲህ የምቀመጥ?»

«እኔ እስከፈለግሁ ድረስ» አልኩ። ስናገረው እንጂ ሳስበው እንዲህ አላስፈራኝም ነበር።

አዲሱን ከፈትኩላቸው። እናቴ ደጁ ላይ ቆማ አበባ ውሃ ታጠጣለች። ቀና ስትል ፈገግ አለች። አባቴ ጣታቸውን አንስተው ስክሪኑን ሊነኩት ቀረብ አድርገው ተዉት።

«ፍንጭቷ» አሉ። ብዙ ጊዜ አዩዋት። «አጠገቧ ያለው ድንጋይ ምንድን ነው?»

ድንጋዩን በእጄ ሸፈንኩት።

«እኔ ነኝ በይኛ» አሉ፣ ራሳቸው መልሰው።

አንዱን ማጥፋት እንዳለብኝ፣ ማሽኑ ሁለቱን እንደማይችል ነገርኳቸው። የቱን ልታጠፊ ነው አሉኝ። አዲሱን፣ እዚያ ሞተዋል አልኩ።

«አሮጌውን አጥፊልኝ።»

«እዚያ እኮ በሕይወት አሉ!»

«ብቻየን ነኝ እንጅ ልጀ። ሚስቱ በሌለችበት ቤት አምስት ዓመት አንድ መጽሐፍ ይዞ የተጎለተ ሰው፣ አለ ትይኛለሽ?»

የትኛውን ቤት እንደሚያወሩ አልጠየቅኳቸውም። ባትሪው ሊያልቅ ነበር። አጥፊ የሚለውን ስነካ ማሽኑ እርግጠኛ ነሽ ወይ አለኝ። አልነበርኩም። አባቴ እጄን አልያዙልኝም፣ አላዘዙኝምም፣ ጋቢው ሥር ሆነው ትንፋሻቸው ብቻ ይሰማኛል። ተጫንኩት። ወይራውም፣ ውሾቹም፣ ሽማግሌውም አንድ ላይ ጠፉ። ወዲያው ዞሬ አባቴን አየሁ። አሉ።

«አንች የፈራሽው ሌላ፣ እኔ የፈራሁት ሌላ» አሉኝ። «ያን ስም እናትሽ ታውቀው ነበር። ከእሷ ሌላ የነፍስ አባቴ ነበሩ፤ እሳቸውም በክረምቱ አረፉ። ጎኔን ሲወጋኝ፣ ቄሶቹ ሬሳየን ከበው ስመ ክርስትናው ማን ነው ሲሉ የሚመልስ ሰው ይጠፋል ብየ ነው የፈራሁት። አንች ገና ልጅ ነበርሽ፤ ረስተሽዋል ብየ ነበር።»

«አልረሳሁም።»

«እስቲ ጥሪው።»

በጆሯቸው ልናገር ጠጋ አልኩ።

«እንደሱ አይደለም። ሰው እንደሚሰማው አድርገሽ።»

ከንፈሬን ጨምቄ የሮጥኩበት ያ መንገድ ከደጃችን ወለል ብሎ ይታያል። በአውድማው ያሉት ሰዎች ይሰማሉ ብዬ ፈራሁ፤ ከዚያ የባሰ ደግሞ ስሙን ጮክ ብዬ የምጠራበትን ሌላውን ቀን ፈራሁ። በሙሉ ድምፄ ጠራኋቸው።

አባቴ ስጠራቸው ሁልጊዜ «ወይ» ነው የሚሉኝ። ያን ቀን ጋቢውን ከራሳቸው ገለጥ አድርገው፣ ወደ እኔ ሳይሆን ወደ ፊት ለፊታቸው እያዩ፣ «አቤት» አሉ።